የቀበሌ ቤት በጅማ፦ ኪራዩ፣ ጣሪያውና ፋይሉ ሲገመገሙ

በጅማ መሀል ከተማ የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ነጋዴ ወይም በትንሽ ጡረታ የሚተዳደር ሰው አቅሙ የሚችለው ቤት አንድ ነው፤ የቀበሌ ቤት። እዚህ የምንገመግመው እንደማንኛውም አገልግሎት ነው። ምን ይሰጣል፣ ምን ያጓድላል፣ ተከራዩ ምን ቢያደርግ ይበጀዋል? ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ኪራዩ ከየትኛውም የከተማ ቤት ይሻላል፤ ጥገናው የለም ቢባል ይቀላል፤ ሰነዱን ደግሞ ተከራዩ ራሱ ካልጠበቀው ማንም አይጠብቅለትም። የቀበሌ ቤት ዶዘር ከመምጣቱ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ሊጠፋ ይችላል፤ ጣሪያው አፍስሶ ግድግዳውን ሲበላው፣ ወይም ፋይሉ ሲከፈት የተገኘው ስም የሟች ስም ሲሆን።

ኪራይ፦ 5 ከ5

የአሠራሩ ሥር አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ይህ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩትን ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች አስረከበ። ከዚያ በላይ የሆኑት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወደሚባለው ተቋም ዞሩ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም በዚያው አዋጅ ተቀነሰ። ስለዚህ ቀበሌ እጅ የገቡት ከመጀመሪያውም የድሃው ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግቢያቸውና ሽንት ቤታቸው የጋራ። በሂርማታ፣ በመንደራና በቦሳ በኩል የሚታዩት አሮጌ ቤቶች እንዲህ ያሉ ናቸው።

የኪራዩ ዝቅተኛነት በረከትም ችግርም ነው። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 20 ብር የሆነ ቤት ቢኖር ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባው 240 ብር ነው፤ በዛሬ ገበያ አንድ ቆርቆሮ አይገዛም። ቀበሌ ለጥገና ገንዘብ የለኝም ሲል ሂሳቡ ላይ አልዋሸም ማለት ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ኪራዩ በገበያ ዋጋ ይሁን» የሚለው ክርክር ልክ አይደለም። በገበያ ዋጋ መክፈል የሚችል ሰው መጀመሪያውኑ የቀበሌ ቤት አይፈልግም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 1 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹህ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲኖራቸው ፖሊሲዎች ይህን ዓላማ ማድረግ እንዳለባቸው ይናገራል። መኖሪያ ከጤናና ከውሃ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። ነዋሪዎች ሲከራከሩ ይህን አንቀጽ በቁጥሩ ይጥቀሱት፤ «ድሆች ነን እርዱን» ከማለት ይልቅ ክብደት አለው።

ጥገና፦ 1 ከ5

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። ክረምቱ ሳይገባ ይጀምርና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ደረቅ አገር ላይ ዘመን የሚሻገር ጭቃ ቤት እዚህ ጣሪያው ካልተጠበቀ ቶሎ ይወድቃል።

ጣሪያ ሲያፈስ ሁሉም «ቆርቆሮው ይቀየር» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚያፈሰው ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ ነው። በሚስማሩ ኮፍያ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቆርቆሮው ደግሞ ቀን በፀሐይ እየሰፋ፣ ሌሊት በብርድ እየተሰበሰበ ቀዳዳውን ያላላዋል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይኸው፦ ቀትር ላይ ማዳበሪያውን ወይም አቡጀዲውን ከጣሪያው ሥር ፍቱ፣ በርና መስኮት ዝጉ፣ ወደ ላይ ተመልከቱ። እንደ ኮከብ የሚያበራው ነጥብ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከሥሩ ባለው እንጨት ላይ በከሰል ምልክት አድርጉና ቁጠሩ። ነጥቦቹ በሚስማሮቹ መስመር ላይ ከሆኑ ሚስማር መቀየር ይበቃል፤ ጎማ ያለው አዲስ ሚስማር፣ ከአሮጌው ረዘም ያለ። በቆርቆሮው ሆድ ላይ ተበትነው ከታዩ ግን ዝገቱ በልቶታል፤ ያ ቆርቆሮ ይወርዳል።

ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሽንተረር አናት ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ የተመታ ሚስማር የቱንም ያህል ቢጠብቅ አንድ ቀን ያፈሳል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብ ከላይ ወደ ታች 20 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን አንድ ተኩል ሽንተረር ይደረብ። ብዙ ሠራተኛ ቆርቆሮ ለመቆጠብ የጎኑን ወደ አንድ ያወርደዋል፤ ነፋስ ያለበት ዝናብ በዚያ በኩል ይገባል። ሲገዛ የጌጁን ቁጥር ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። 35 ጌጅ ዋጋው ይረክሳል፣ ሰው ሲወጣበት ግን ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደበት ቦታ ውሃ ይይዝና ከዚያ ይዝጋል። ለአሮጌ ቤት 32ም ቢሆን ይሻላል። በጣም ከከበደ ሙሉውን በቀጭኑ ከመሸፈን የተበላውን ብቻ በወፍራሙ መተካት ያዋጣል።

ግድግዳውን የሚገድለው ከላይ የሚገባው ውሃ ብቻ አይደለም። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ ፈንጥቆ የግድግዳውን እግር ያረጥባል፤ ምሰሶው የሚበሰብሰውም ምስጥ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። ጣሪያው ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ካልወጣ አሸንዳ ያስፈልገዋል። አሸንዳው ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይተፋ ደግሞ ቱቦ። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ ወደ ግቢው ቦይ ይለቀቅ፤ ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር ይነሳ። የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ያለበት ቤት አሸንዳ ብቻውን አያድነውም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አጥብቀን እናስጠነቅቅ። ገንዘብ ያገኘ ተከራይ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭቃውን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ያምራል፣ ለጥቂት ጊዜ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ባለበት ነው። በመሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ጭቃው ከውስጥ እየቀለጠ ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ግድግዳው ካልተቀየረ በቀር መልሶ በጭቃ መለሰን ነው የሚሻለው፦ ጭዱ በደንብ የገባበት፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውሃ እየጨመሩ፣ በየጥቂት ቀኑ እየረገጡ ያቦኩት ጭቃ። በእጅ ሲጨበጥ ሽታው የከረረ፣ ሲዘረጋ የማይበጣጠስ ከሆነ ደርሷል። ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ እንደ ባዶ እርሻ ይሰነጣጠቃል።

ምንም ዓይነት ጥገና ከመጀመሩ በፊት ከቀበሌው የጽሑፍ ፈቃድ ይኑር። ደብዳቤው ውስጥ «በነበረበት ይዞታና ስፋት» የሚል ቃል ይግባ። ይህ ቃል ከሌለ የጣሪያ ጥገናው እንደ አዲስ ግንባታ ሊታይ ይችላል። ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሳ፣ የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ በተከራዩ ስም ይቆረጥ። ግቢው ውስጥ 6 ቤት ካለ 6ቱም በአንድ ማመልከቻ ይጠይቁ፤ ቆርቆሮውንም በአንድ ላይ ይግዙ፣ የመኪናውን ኪራይም ይካፈሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ቆጣሪ፦ 2 ከ5

የጋራ ሽንት ቤት የሚሞላው በተጠቃሚ ብዛት ብቻ አይደለም። በአዌቱ ወንዝ ዳርና በቦዬ በኩል ባሉ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ከሥር ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና የሚጠራው ከሰኔ በፊት ነው። ፌስታልና ጨርቅ የተጣለበት ጉድጓድ ቱቦውን ስለሚዘጋ መኪናው ሳይመጥ ይመለሳል፣ የመጣበትን ግን ያስከፍላል። መኪናው ከመጠራቱ በፊት ከቆመበት እስከ ጉድጓዱ ያለው ርቀት በእርምጃ ይለካና ለሾፌሩ በስልክ ይነገረው፤ የቱቦው ርዝመት የሚደርስ መሆኑን ያኔውኑ ይናገራል።

ለብዙ ቤት አንድ ቆጣሪ መሆኑ ተከራዮችን ይጎዳል። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ስለሆነ፣ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ለትንሽ ተጠቃሚ የታሰበው ርካሽ እርከን ያመልጣቸዋል። የግል ቆጣሪ ለመጠየቅ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤና የኪራይ ውል ያስፈልጋል፤ ነገሩ ተመልሶ ወደ ፋይሉ ይመጣል።

ፋይሉ

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ድክመት፣ የተከራዩም ትልቁ መሣሪያ፣ ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ በቀበሌ ቤት ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

በብዛት የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። ውሉ በአባት ስም ነው። አባት ያርፋሉ፣ ቤተሰቡ በእሳቸው ስም ኪራይ መክፈሉን ይቀጥላል፣ ደረሰኙም በእሳቸው ስም ይቆረጣል። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ቆጠራ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ውል የለውም፣ ውል ያለው ሰው በሕይወት የለም። ያኔ ቤተሰቡ «ያለ ውል የገባ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ሐዘን እንደወጣ የስም ዝውውር ይጠየቅ፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የመጨረሻው ዘመን ደረሰኝና የቀድሞው ውል። የሚተላለፈው የመከራየት መብቱ ነው እንጂ ቤቱ አይወረስም። ማመልከቻው ላይ «ቤቱን ወርሼ» ብሎ መጻፍ ጉዳዩን ያበላሸዋል፤ «አብሬ ስኖር የቆየሁ በመሆኔ የኪራይ ውሉ በስሜ እንዲታደስልኝ» ማለት ይበቃል።

የካርቦን ደረሰኝ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይደበዝዛል። የተከፈለ ዕለት በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ ዋናው በላስቲክ ይጠቅለል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ውዝፍ ካለ በአንድ ጊዜ መክፈል ባይቻል እንኳ የክፍያ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ ይጠየቅ። የቀበሌ ቤትን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ግን በምንም ሰበብ አይደገፍም፤ ውሉን ያፈርሳል፣ የጎረቤትን ሁሉ ክርክር ያዳክማል።

እድር እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የእድሩ መዝገብ ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደከፈለ፣ ማን ለቅሶ ላይ ድንኳን እንደወሰደ ያሳያል። ያ ደብተር በሰፈሩ ለረጅም ጊዜ የመኖር ማስረጃ ነው። ቅጂው ከሰነዱ ጋር ይያያዝ። የነዋሪዎች ኮሚቴም ከባዶ ከሚነሳ እድሩ ውስጥ ቢመሠረት ይሻላል፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሰው ያምነዋል፣ ስብሰባውም ያው የተለመደ ቀን ነው።

አቤቱታ እንዴት ይቅረብ

ነዋሪዎች ለቤታቸው ሲንቀሳቀሱ የሚደክሙበት ቦታ ቁጣ ላይ ነው፤ የሚሳካላቸው ዝርዝር ላይ ነው። በአንድ ሰንጠረዥ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የገባበት ዓመት፣ የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር፣ የጣሪያና የግድግዳ ሁኔታ፣ የታመመ ወይም አቅመ ደካማ ሰው መኖር አለመኖሩ ይሞላ። 40 ቤት በዚህ መልክ የያዘ አራት ገጽ ከ400 ባዶ ፊርማ ይበልጣል። አንድ ኃላፊ «እናጣራለን» ብሎ የሚያዘገየው ማጣራቱ ያልተሠራለትን አቤቱታ ነው።

የፊርማ ወረቀት ላይ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ይጻፍ፣ ገጹም «ገጽ 2 ከ4» ተብሎ ይቆጠር። ርዕስ የሌለው የፊርማ ወረቀት ከማንኛውም ነገር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ስለ ልማት ውይይት ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ የመገኘት ፊርማ ሲጠየቅም ከስም አጠገብ «መገኘቴን ለማረጋገጥ ብቻ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ መገኘት ስምምነት እንዳይሆን።

ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ናትና የከተማው መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ ነዋሪው የሚያነበው የአማርኛ ቅጂ ይያያዝ። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ ለሚመለከተው ቢሮ፣ አንዱ ለግልባጭ፣ ሦስተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልገባ ይቆጠራል። መልስ ሲዘገይ ክትትሉም በጽሑፍ ይሁን፣ የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥር ጠቅሶ።

የፕላን ካርታ፣ የምትክ ቤት ዝርዝር ወይም የውሳኔ ቃለ ጉባኤ ሲፈለግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። በጽሑፍ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ወደተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይኬዳል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ በተለይ ማስነሳቱ በክረምት ከሆነ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሆነ መጠቆም ይገባል። በሰልፍ ለመጠየቅ ከተወሰነ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል።

ማንሳት ሲመጣ

የኮሪደር ልማት ጅማም ደርሷል፤ መንገድ ዳር ያሉ አሮጌ ቤቶች ጉዳይ የነገ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲሆን በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል፤ ሁለቱ አብረው ይነበቡ። 1161 ባለይዞታዎች ከመልቀቃቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያዩ ይላል፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ቅር የተሰኘ ሰው ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያመለክታል። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበት ቀን በራሱ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ ስላልሆነ ለቤቱ ካሳ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ምትክ ኪራይ ቤት ነው፤ ጥያቄውም ዝርዝር ያለው ይሁን። ስንት ክፍል? በወር ስንት? ውሉ በማን ስም? ውሃና ሽንት ቤት ዛሬ አለ ወይስ «በቅርቡ ይገባል»? ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ምን ያህል ይርቃል? የባጃጁም ሂሳብ ይሠራ። ከቤት ሁለት ሰው በየቀኑ ወደ ጅማው መርካቶ ቢመላለስ በቀን 4 ጉዞ፣ በ26 የሥራ ቀን 104 ጉዞ ነው። ያንን በአንድ ጉዞ ዋጋ አባዙትና ከአዲሱ ቤት ኪራይ ጎን ጻፉት። ርካሽ የተባለው ቤት ብዙ ጊዜ በዚህ መስመር ላይ ውድ ሆኖ ይገኛል፤ ለባለሥልጣን የሚቀርበውም ይህ ቁጥር ነው።

ምትክ ቤት እስኪገኝ «ለጊዜው ግለሰብ ቤት ተከራዩ» ከተባለ የኪራይ ድጋፉ ለስንት ወር እንደሆነ በደብዳቤ ይያዝ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ተፈጻሚነቱ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ ከመፈረም በፊት የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ነው።

የቀድሞው ቤት ቁልፍ የሚመለሰው የምትኩ ውል ከተፈረመና ቁልፉ በእጅ ከገባ በኋላ ነው። ርክክቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ የቆጣሪው ንባብ፣ የኪራይ ውዝፍ አለመኖሩና ቀኑ ይግቡበት፤ የኮሚቴው ጸሐፊ በምስክርነት ይፈርምበት።